ኮድ ማንበብና ለአንባቢ መጻፍ፦ ከሊተሬት ፕሮግራሚንግ የሚወሰድ አሠራር

ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ኮድ እንዲጽፍ ይታዘዛል፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ሙሉ ፕሮግራም ቁጭ ብሎ እንዲያነብ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ሥራ ሲይዝ የሚጠብቀው ተቃራኒው ነው። አንድ መስመር ከመጨመሩ በፊት፣ ከዓመታት በፊት የተጻፉና ጸሐፊዎቻቸው መሥሪያ ቤቱን የለቀቁ ፋይሎችን አገላብጦ ምን እንደሚሠሩ፣ ከዚያም አልፎ ለምን እንዲያ ተደርገው እንደተሠሩ መረዳት ይኖርበታል። ኮድ ማንበብ በዕድሜ ብዛት በራሱ እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ ሆን ተብሎ የሚሠለጠንበት ሙያ ነው። የሌላውን ኮድ ማንበብና ሌላው የሚያነበውን ኮድ መጻፍ ደግሞ ተነጣጥለው የሚለመዱ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁለቱንም አያይዞ ያቀርባል። ምሳሌዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ፓይተንን ወይም ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋን በመጠኑ የሚያውቅ ሰው ሊከተላቸው ይችላል።

ሐሳቡና አመጣጡ

ለአንባቢ መጻፍን ራሱን የቻለ ዘዴ ያደረጉት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ሊተሬት ፕሮግራሚንግ ብለው ስም ሰጡት። መነሻቸው ይህ ነበር፦ ፕሮግራመር ዋና ሥራው ኮምፒውተርን ማዘዝ እንደሆነ ማሰቡን ትቶ፣ ኮምፒውተሩ እንዲሠራ የሚፈልገውን ነገር ለሰዎች የሚያስረዳ ጸሐፊ አድርጎ ራሱን ይመልከት። ለዚህም ዌብ የሚባል መሣሪያ ሠሩ፤ ዛሬ ይህ ቃል ከሚያስታውሰን ከኢንተርኔቱ ዌብ ጋር ዝምድና የለውም። ጸሐፊው ማብራሪያውንና ኮዱን በአንድ ፋይል ውስጥ እያፈራረቀ ያስቀምጣል። ታንግል የተባለው ፕሮግራም ከዚያ ፋይል ኮዱን ብቻ ለቅሞ ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚለውጠው የፓስካል ቋንቋ ኮምፓይለር በሚፈልገው ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ዊቭ የተባለው ደግሞ ያንኑ ፋይል ለሰው ንባብ የተሰናዳ፣ ማውጫ ያለው ሰነድ አድርጎ ያወጣዋል።

ከዚህ ሁሉ ዋናው ቁም ነገር የቅደም ተከተሉ ነፃነት ነው። ኮምፓይለር የራሱ ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ ይህ ይታወጅ፣ ቀጥሎ ያ ይምጣ ይላል። አንባቢ ግን አንድን ነገር የሚረዳው ችግሩን ካወቀ በኋላ ነው፤ ከችግሩ ወደ መፍትሔው፣ ከጥቅሉ ወደ ዝርዝሩ ይሄዳል። ስለዚህ ክኑት ኮዱ ስም ባላቸው ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ እንዲጻፍና እያንዳንዱ ቁራጭ ማብራሪያው ተራውን ባገኘበት ቦታ እንዲቀመጥ አደረጉ። የሒሳብና የሳይንስ ጽሑፎች ዛሬም የሚሰናዱበት ቴክ የተባለው ሥርዓታቸው ከዳር እስከ ዳር በዚህ መልክ የተጻፈ ነው። ሙሉ ኮዱ ከ1300 በሚበልጡ ቁጥር በተሰጣቸው ክፍሎች ተከፍሎ እ.ኤ.አ. በ1986 በመጽሐፍ መልክ ታትሟል፤ ማንም ገዝቶ ወይም ተውሶ ሊያነበው ይችላል። ክኑት በፕሮግራሙ ውስጥ አዲስ ስህተት ላገኘ ሰው የ327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ቼክ እስከ መስጠት የደረሱት ሥራው በሰው ዓይን እንዲመረመር ከልብ ስለሚሹ ነው።

ማብራሪያውን አንድ ሰው፣ ኮዱን ደግሞ ሌላ ሰው የሚጽፍበት ጊዜም አለ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጆን ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1976 የዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተምን ስድስተኛ እትም ዋና ክፍል፣ ወደ 9000 መስመር የሚጠጋ ኮድ፣ ከመስመር መስመር እየተከተሉ ለተማሪዎቻቸው ተነተኑ። የትርጓሜ ቤት ተማሪ ንባቡን በፊቱ ዘርግቶ አንድምታውን ከመምህሩ እንደሚቀበል፣ የላየንስ ተማሪዎችም ኮዱን በአንድ እጅ፣ ትንታኔውን በሌላው ይዘው የኦፕሬቲንግ ሲስተምን ውስጣዊ አሠራር ተማሩ። የባለቤትነት ገደብ ስለነበረበት ትንታኔው ለብዙ ዓመታት በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በይፋ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ኮድን ለማንበብ

የሚያነቡትን ሲመርጡ በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ነገር ይምረጡ፤ መጠኑም በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ይሁን። ትልቅ ስም ያለውን ግዙፍ ፕሮጀክት ከፍቶ ከመጀመሪያው ፋይል መጀመር ተስፋ ለመቁረጥ አጭሩ መንገድ ነው። ፓይተን ለሚጠቀም ሰው የቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ከነኮዱ ተቀምጧል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ለጀማሪ እመክራለሁ። አንደኛው በቅደም ተከተል በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ የአንድን ነገር ቦታ የሚፈልገው ባይሴክት ነው፤ ሁለተኛው ሂፕኪው ሲሆን፣ የሚጠቀምበት የዛፍ ቅርጽ ለምን እንደተመረጠና እንዴት እንደሚሠራ ሰፋ አድርጎ የሚተርክ ማብራሪያ በፋይሉ ውስጥ ስላለው ለሊተሬት ፕሮግራሚንግ መንፈስ ቅርብ ነው።

ፋይሉን ከመክፈትዎ በፊት ጥያቄዎን በወረቀት ላይ ይጻፉ። «ይህን ኮድ ልረዳ» የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ መጨረሻ የለውምና። «ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ካለ ባይሴክት አዲሱን የት ያስገባዋል?» የሚለው ግን መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ የትኛውን መስመር ትኩር ብለው እንደሚያዩና የትኛውን ለጊዜው እንደሚያልፉ ይነግርዎታል። ከዚያ ፕሮግራሙን ያስኬዱት፤ ውጤቱን ያላዩትን ኮድ ማንበብ በከንቱ ያደክማል። ቀጥሎም ከፋንክሽኖቹ በፊት መረጃው በምን መልክ እንደተያዘ ይመልከቱ፤ ዝርዝር ነው ወይስ ሠንጠረዥ፣ የተደረደረ ነው ወይስ ያልተደረደረ፣ ባዶ ሊሆን ይችላል ወይ? መረጃው ከታወቀ በላዩ ላይ የሚሠራው ኮድ ግማሽ በግማሽ እንደተነበበ ይቆጠራል።

አሁን እርሳስ ያንሱ። ኮድ በዓይን ብቻ ሲነበብ የተገባ ይመስላል፤ በእጅ ሲሠራ ነው ያልገባው ነገር የሚታወቀው። 3፣ 7፣ 7፣ 12፣ 20 የሚሉ አምስት ቁጥሮች ተደርድረዋል እንበልና ሌላ 7 የት እንደሚገባ እንፈልግ። ባይሴክት የፍለጋውን ወሰን በሁለት ቁጥሮች ይይዛል፤ ታች እና ላይ እንበላቸው። ሲጀምር ታች 0፣ ላይ 5 ነው። በየዙሩም የሚከተለውን ያሰላል፦

መሀል = (ታች + ላይ) // 2

ሁለቱ ጭረቶች ማካፈል ማለት ናቸው፤ ቀሪው ይጣላል። የሚፈለገው ቁጥር በመሀል ካለው ካነሰ ላይ ወደ መሀል ይወርዳል፤ ካላነሰ ታች ከመሀል አንድ አልፎ ይቆማል። በመጀመሪያው ዙር መሀል 2 ነው፤ እዚያ ያለው 7 ነው፤ 7 ከ7 አያንስም፤ ስለዚህ ታች 3 ይሆናል። በሁለተኛው ዙር መሀል 4 ነው፤ 7 ከ20 ያንሳል፤ ላይ 4 ይሆናል። በሦስተኛው መሀል 3 ነው፤ 7 ከ12 ያንሳል፤ ላይ 3 ይሆናል። ታችና ላይ ተገናኙ፤ ከዜሮ በሚጀምረው አቆጣጠር መልሱ 3 ነው፤ አዲሱ 7 ከቀደሙት ሁለት ሰባቶች ቀጥሎ ይገባል። ጥያቄው ተመለሰ። በዚህ ብቻ አያቁሙ፤ «ካነሰ» የሚለውን «ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ» በሚል ለውጠው እንደገና ይሥሩት። መልሱ 1 ይሆናል፤ አዲሱ 7 ከሰባቶቹ ሁሉ ፊት ይገባል። አንድን ምልክት ለውጦ ውጤቱን ማየት ያ ምልክት ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል። በፋይሉ ውስጥ ያለው ኮመንትም (ለአንባቢ የተተወ ማስታወሻ) ንጽጽሩ በ«ያንሳል» ብቻ የተደረገው ከፓይተን የዝርዝር መደርደሪያና ከሂፕኪው አሠራር ጋር እንዲገጥም መሆኑን ይናገራል፤ ኮዱ ራሱ ሊነግረን የማይችለውን ምክንያት የሚሰጥ ኮመንት ማለት ይህ ነው።

ይህችው አንዲት መስመር በሌላ ቋንቋ ውስጥ ያሳለፈችው ታሪክ በትኩረት የማንበብን ዋጋ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆሹዋ ብሎክ የተባለ ፕሮግራመር እርሱ ራሱ ለጃቫ ቋንቋ የጻፈው የዚሁ ፍለጋ ፋንክሽን ስህተት ያለበት መሆኑን ይፋ አደረገ። ስህተቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተደብቆ ቆይቷል፤ ስለ ፕሮግራሚንግ የሚጽፉት ጆን ቤንትሊ ፍለጋውን ለማስተማር ባሳተሙትና ትክክለኛነቱን ደረጃ በደረጃ ባስረዱለት ፕሮግራም ውስጥም ይኸው ነበር። ችግሩ ታችና ላይ ሲደመሩ ነው። በጃቫ አንድ ተራ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2147483647 ነው፤ ዝርዝሩ አንድ ቢሊዮን ያህል ወይም ከዚያ በላይ አባላት ሲኖሩት ድምሩ ከዚህ አልፎ ወደ አሉታዊ ቁጥር ይገለበጣል። ማስተካከያው አጭር ነው፦

መሀል = ታች + (ላይ - ታች) / 2

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው የፓይተኑን ባይሴክት ሲከፍት አሮጌውን ድምር እዚያው ያገኘዋልና ስህተት አገኘሁ ሊል ይችላል። አይደለም፤ በፓይተን ኢንቲጀር ወሰን ስለሌለው ድምሩ አይገለበጥም። ይሁን እንጂ ያው ባይሴክት ለፍጥነት ሲባል በሲ ቋንቋም ተጽፏል፤ በሲ ደግሞ ወሰን አለ። እዚያ ፋይል ውስጥ ድምሩ አሉታዊ ቁጥር በማይዝ የቁጥር ዓይነት የሚሠራው እንዳይገለበጥ መሆኑን የሚናገር ኮመንት ተቀምጧል፤ ጉዳዩ የተነሳበትን የስህተት ሪፖርት ቁጥርም ይጠቅሳል። አንዲት ድምር በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ፍርድ አገኘች ማለት ነው። ኮድ ሲያነቡ «ትክክል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያልበቃ ነው፤ «በዚህ ቋንቋ፣ በዚህ የመረጃ መጠን፣ በዚህ ማሽን ትክክል ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

አንድ መስመር እንግዳ ሆኖ ሲያገኙት ከመሰረዝዎ በፊት ታሪኩን ይጠይቁ። የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበው ጊት እያንዳንዱ መስመር በማን፣ መቼና በየትኛው ኮሚት (አንድ ላይ ከነመልእክቱ በተመዘገበ ለውጥ) እንደገባ ያሳያል። ኮሚቱን ከፍተው መልእክቱን ያንብቡ፤ አብሮት የተለወጠ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትን ሌላ ኮድ) ካለ እርሱን ያስቀድሙ፤ ቴስቱ መስመሩ የተጨመረበትን ችግር ከነምሳሌው ይዞት ይገኛልና። መልእክቱ «ተስተካክሏል» ከሚል አንድ ቃል የማያልፍ ከሆነ፣ የእርስዎ ኮሚት ለሚቀጥለው አንባቢ ምን መያዝ እንዳለበት ከዚያ ይማሩ።

ለአንባቢ መጻፍ

ጽሑፉን ከመጀመርዎ በፊት የሚመልሱት አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ፕሮግራም ጭራሽ መጻፍ አለበት ወይ? እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ቤንትሊ፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው የመጡትን ቃላት እንደ ብዛታቸው ደርድሮ የሚያወጣ ፕሮግራም በአዲሱ ዘዴ እንዲጽፉ ክኑትን ጠየቁ። ክኑት ለጉዳዩ ተብሎ የተበጀ ረቀቅ ያለ የመረጃ አያያዝ ያለው፣ ገጾችን የሚይዝ ሥራ አቀረቡ። ሥራውን እንዲገመግሙ የተጋበዙት የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያቀብለውን የዩኒክስን ፓይፕ ያመነጩት ዳግ ማክሊሮይ ደግሞ የአጻጻፉን ግልጽነት አደነቁና፣ ዩኒክስ ውስጥ ያሉ ዝግጁ ፕሮግራሞችን በማያያዝ ያንኑ ሥራ በስድስት ትዕዛዞች ሠርተው አሳዩ። ክኑት የተጠየቁት ዘዴውን እንዲያሳዩ ስለነበር ግምገማው ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ቢሆንም ለእኛ የሚጠቅም ትእዛዝ ይወጣዋል። ማብራሪያዎ ሲጀምር ምን እንደሚሠሩ ብቻ ሳይሆን ያለው ዝግጁ መሣሪያ ለምን እንዳልበቃ ይናገር። ይህን አንቀጽ መጻፍ ካቃተዎት ምናልባት ዝግጁውን መጠቀም ይሻላል።

የሚከተለው ምሳሌ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ ቀን ለመለወጥ ከሚያስፈልገው ሥራ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ለዚህ ዝግጁ ላይብረሪዎች አሉ፤ የመረጥሁት ግን ትንሽ ሆኖ ሳለ ያለ ማብራሪያ ሊነበብ የማይችል ወጥመድ ስላለበት ነው። መንገዱ የታወቀ ነው፦ ቀኑን መጀመሪያ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት አንስተው ቀናትን ያለማቋረጥ ወደሚቆጥሩበት የጁልያን ቀን ቁጥር መለወጥ፣ ከዚያም ከቁጥሩ ወደ ሌላው አቆጣጠር መሻገር። አጀማመራችን ጥቅሉን በስም በተጠሩ ቁርጥራጮች መግለጽ ነው፤ ዝርዝሩ ገና አልመጣም፦

«የቀኑን ቁጥር አውጣ»
ቁጥር = መነሻ + «ያለፉት ዓመታት ቀናት» + «በዚህ ዓመት ያለፉ ቀናት»

አንባቢው ገና ምንም ቀመር ሳያይ የሥራውን አካሄድ ጨብጧል። መነሻ የምንለው የመስከረም 1 ቀን 1 ዓመተ ምሕረት የጁልያን ቀን ቁጥር ሲሆን 1724221 ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ኮድ ውስጥ ብቻውን ከተቀመጠ አንባቢው ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ አንድ አሃዝ ቢሳሳትም አይታወቅም። አሁን ወደ ቀላሉ ቁራጭ፦

«በዚህ ዓመት ያለፉ ቀናት»
30 * (ወር - 1) + (ቀን - 1)

ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር ብለን ከቆጠርናት ከእርሷ በፊት ያሉት ወራት ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስላላቸው ሌላ ነገር አያስፈልግም። ሁለተኛው ቁራጭ ግን ዝርዝር ማብራሪያ ይሻል፦

«ያለፉት ዓመታት ቀናት»
365 * (ዓመት - 1) + ዓመት // 4

ይህን መስመር ያለ ማብራሪያ ያነበበ ጥንቁቅ ፕሮግራመር ስህተት ያየ ይመስለዋል። በግራ በኩል ዓመት በአንድ ተቀንሷል፤ በቀኝ በኩል አልተቀነሰም። «ረስቶት ነው» ብሎ ሁለተኛውንም በአንድ ቢቀንሰው ማንም አይፈርድበትም። ስለዚህ ከቁራጩ ጋር የሚከተለው ይጻፋል፦ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ፣ ማለትም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 በሚተርፍበት ዓመት ነው። እነዚህ ዓመታት 3፣ 7፣ 11 እያሉ ይቀጥላሉ። ተጨማሪዋ ቀን ካለፉት ቀናት ጋር የምትደመረው በማግስቱ፣ በዘመነ ዮሐንስ መባቻ፣ ዓመቱ 4፣ 8፣ 12 ሲል ነው፤ ዓመት ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥርም ይህንኑ ይሰጣል። በአንድ መቀነስ እዚህ ቦታ ስህተት ነው።

ማብራሪያው እውነት መሆኑን ቴስት ያረጋግጣል፤ የሚመረጡት ቀኖች ደግሞ ማብራሪያው የጠቆመው ወጥመድ ያለባቸው ይሁኑ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. 2460199፣ ማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ 2460200 መስጠት አለባቸው፤ የኋለኛው በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። «የተስተካከለው» ቀመር ለሁለቱም 2460199 ይሰጣል፤ አሮጌው ዓመትና አዲሱ ዓመት አንድ ቀን ሆነው ያርፋሉ። ዘመነ ዮሐንስ እስኪያልቅ እያንዳንዱ ቀን በአንድ ያንሳል፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ሲደርስ አንድ ቁጥር ተዘልሎ ነገሩ እንደገና ይስተካከላል። በማቴዎስ፣ በማርቆስ ወይም በሉቃስ ዘመን ውስጥ ባሉ ቀኖች ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም ይህን ስህተት ፈጽሞ አያሳይም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በትክክል ሠርቶ በአራተኛው የደመወዝ ቀንን ወይም የውል ማብቂያን በአንድ ቀን ያዛባል። አራት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ይህን ሁሉ ይከላከላል።

ማብራሪያውን በአማርኛ መጻፍ ከፈለጉ የሚከለክልዎት የለም፤ አብረውዎት የሚሠሩት ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ መጻፍ የዘዴው ፍሬ ነገር ነው፤ ስለ ባሕረ ሐሳብ ለማስረዳት ደግሞ ከአማርኛ የተሻለ አላውቅም። ፓይተን ከሦስተኛው ትውልዱ ጀምሮ የቫሪያብል ስሞችን በፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ ከላይ ያሉት የቀን ቀመሮች ቁርጥራጮቹ በየቦታቸው ከተተኩ በኋላ እንዳሉ ይሠራሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ለኮምፒውተሩ «ዓመት» እና «አመት» ሁለት የተለያዩ ቫሪያብሎች ናቸው፤ «መሀል» እና «መሐል»ም እንዲሁ። ሞክሼ ፊደላት ያሉባቸውን ስሞች አጻጻፍ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ወስነው ከዚያ አይለዋውጡ። ሌላው ጥንቃቄ፣ ቁራጭ በስሙ ቦታ የሚተካው ቃል በቃል መሆኑ ነው፤ እኛ መደመር ብቻ ስለተጠቀምን አልጎዳንም እንጂ ቁራጩ የሚባዛ ቢሆን ኖሮ በቅንፍ መታጠር ነበረበት።

መሣሪያና አጠቃቀም

ዛሬ ዌብን በቀጥታ የሚጠቀም ጥቂት ነው። ከማንኛውም ቋንቋ ጋር የሚሠራውን፣ ኖርማን ራምዚ ያዘጋጁትን ኖዌብን ለጀማሪ እመርጣለሁ፤ ትእዛዞቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ሐሳቡ ከመሣሪያው በላይ ይታያል። ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም የሚያውቁ ሰዎች ኦርግ ሞድ ውስጥ ያንኑ ያገኛሉ። የጁፒተር ኖትቡክ ማብራሪያንና ኮድን አንድ ላይ ስለሚያሳይ ብዙዎች ሊተሬት ፕሮግራሚንግ ይሉታል፤ ነገር ግን የቅደም ተከተሉ ነፃነት የለበትም፣ ከዚህም የከፋ ድብቅ አደጋ አለው። ተጠቃሚው ክፍሎቹን ወደላይ ወደታች እየዘለለ ሊያስኬዳቸው ስለሚችል፣ በገጹ ላይ የሚነበበውና በኮምፒውተሩ ማኅደር ውስጥ ያለው ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ኖትቡክ ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት ሁሉንም ነገር አጥፍተው ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ያስኬዱት፤ ካልሄደ አይላኩት።

ዘዴው ክኑት እንደተመኙለት ያልተስፋፋበት ምክንያት አለው። ስህተት ሲፈጠር ዲበገሩ (ስህተት መፈለጊያው ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ታንግል ያወጣውን ፋይል እንጂ ሰው የጻፈውን አይደለም። በየቀኑ ብዙ እጆች የሚነኩት ኮድ ላይ ረጅም ማብራሪያ ይዞ መዝለቅ ከባድ ነው፤ የቆየና ከኮዱ ጋር የማይስማማ ማብራሪያ ደግሞ ከባዶነት ይልቅ ይጎዳል። በዚህም ምክንያት ሙሉ ዘዴውን ለሁሉም ሥራ አልመክርም። የግብር ወይም የወለድ ስሌት፣ የቀን አቆጣጠር፣ የጥናት መረጃ ትንተና፣ ወይም አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ተጽፎ ለዓመታት የሚቆይ ስልተ ቀመር ግን ይገባዋል። ለቀረው ኮድ ከዘዴው መንፈሱን ይውሰዱ፤ ፋይሉ ለምን እንዳለ የሚናገር አንቀጽ በአናቱ ላይ ይኑረው፣ ፋንክሽኖቹ አንባቢው በሚጠይቅበት ቅደም ተከተል ይቀመጡ፣ ኮመንቶች ኮዱ የሚለውን ከመድገም ይልቅ ተሞክሮ የተተወውን መንገድና ምክንያቱን ይያዙ።

ጽፈው ሲጨርሱ ሥራውን ያላየ የሥራ ባልደረባ ያስነብቡ። ማብራሪያውን በቃል አይጨምሩለት፤ አጠገቡ ቁጭ ብለው የት እንደቆመ፣ የቱን መስመር ተመልሶ እንዳነበበ፣ የቱን ስም በስህተት እንደተረዳ ብቻ ይመዝግቡ። ከዚያም ከላይ እንዳደረግነው አንድ ምልክት እንዲለውጥና ውጤቱን ከማስኬዱ በፊት እንዲተነብይ ይጠይቁት። ትንበያው ከሳተ የሚታረመው ጽሑፉ ነው። እርማቱን፣ የተለወጠውን ኮድና ቴስቱን ሦስቱንም በአንድ ኮሚት ያስገቡ፤ ማብራሪያውን «በኋላ እጨምረዋለሁ» ብለው ለሌላ ቀን አያሳድሩት።